የምጣድ ጉልበት

ጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተሩን ሊሸጥ ሲነሣ ማንኛውንም ነጋዴ የሚያስጨንቅ ጣጣ ገጠመው። ከደንበኞቹ መካከል ቢራ ጠማቂዎች ነበሩ፤ ወፍጯቸውን የሚያዞረው ፈረስ ነው። ሰውዬው ቁጥር እየደረደረ ስለ እንፋሎት ቢሰብክላቸው ማን ይሰማዋል? ስለዚህ በሚያውቁት ነገር ለካላቸው። «ይህ ሞተር የዐሥር ፈረስ ሥራ ይሠራል» ሲላቸው ወዲያው ገባቸው። ፈረስ ስንት እንደሚያወጣ፣ ምን ያህል እንደሚበላ፣ መቼ መቼ እንደሚያነክስ ያውቃሉዋ! የፈረስ ጉልበት የሚባለው መለኪያ የተወለደው እንዲህ ነው። ይኸው ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ ፈረስ ከቀረበው የሚሸሽ የከተማ ልጅ እንኳ ስለ መኪና ሲከራከር የሚጠራው ፈረስ ነው።

እኛ ግን መብራትን የምንሰማው በሜጋ ዋት ነው። ዜና አንባቢው «ይህን ያህል ሜጋ ዋት» ይላል፤ የገባንም ያልገባንም ራሳችንን እንነቀንቃለን። በቤታችን የማትነቀንቀው እናቴ ብቻ ናት። ዜናውን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰምታ ስታበቃ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አላት፤ «እሱ ስንት ምጣድ ይችላል?» ቤተሰቡ ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር፤ እያደር ሳስበው ግን ከዜናውም ከሣቂዎቹም ይልቅ ለጄምስ ዋት የምትቀርበው እሷ ናት። ስለዚህ የእናቴን መለኪያ በይፋ ላቀርበው ነው። ስሙም «የምጣድ ጉልበት» ይባል።

የተለመደው የቤት ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይስባል። ይህ ወደ ፈረስ ሲመነዘር ለአምስት ፈረስ ትንሽ ፈሪ ነው። አምስት ፈረስ ጓዳ ውስጥ! ድሮ አምስት ፈረስ በግቢው የሚያስር ሰው ባላባት ነበር፤ አደባባይ ሲወጣ መንገድ ይለቀቅለታል። ዛሬ የአንድ ክፍል ቤት ተከራይ ሳይቀር ቅዳሜ ቅዳሜ አምስት ፈረስ ይጭናል። ልዩነቱ ፈረሱ ድርቆሽ መብላቱን ትቶ ካርድ መብላት መጀመሩ ነው።

እንግዲህ ሀገሩን በዚህ መለኪያ እንየው። አቃቂ ወንዝ ላይ ያለው አዛውንቱ አባ ሳሙኤል፣ ሸምግሎ ሥራ ፈትቶ ከቆየ በኋላ ታድሶ 6.6 ሜጋ ዋት ያመነጫል። በእኛ መለኪያ ሁለት ሺህ ምጣድ አይሞላም። ማለትም የአንድ ሰፊ የኮንዶሚኒየም ሰፈር ሴቶች ተመካክረው በአንድ ሰዓት ቢሰኩ አባ ሳሙኤልን ጭልጥ አድርገው ይጠጡታል። በጣሊያን የጦር ካሣ አዋሽ ላይ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቆቃ 43.2 ሜጋ ዋት ነው፤ ከ12 ሺህ ምጣድ ጥቂት ያልፋል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ደግሞ 5150 ሜጋ ዋት፣ ወደ አንድ ሚሊዮን ተኩል የሚጠጋ ምጣድ። ይህን ቁጥር ለእናቴ ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና፣ «ታዲያ ሁላችንም ቅዳሜ ከምንጋግር ሰፈር ለሰፈር ብንደራረስ አይሻልም?» አለች። የኃይል መሐንዲሶች ይህን የጭነት አስተዳደር ይሉታል፤ ይማሩበታልም።

ስለ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ሲወራ ሁሉም ስልኩን ከኪሱ ያወጣል። ስልክ ሕይወታችንን ለወጠው፣ ስልክ ልጆቻችንን ወሰደብን፣ ስልክ ባልና ሚስት አጣላ። እኔ ስልክን አልንቅም፤ ግን በእኛ መለኪያ ይመዘን ከተባለ ስልክ ምንም ነው። ቻርጀሩ ዐሥር ዋት ቢስብ ነው፤ 350 ስልክ ተሰብስቦ አንድ ምጣድ አይበልጥም። እንዲያውም ሌላ ስሌት ልጨምር። አንዲት ሴት ሠላሳ እንጀራ ለመጋገር ምጣዱን ማጋያ ጨምሮ ወደ ሁለት ሰዓት ብትቆም ስድስት ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ትፈጃለች። በዚያ መብራት አንድ ስልክ በየማታው ከባዶ እየተሞላ ስምንት ዘጠኝ ወር ይሄድበታል። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ከምርመራው ቀን እስከ ምጡ ድረስ የምታወራበት ስልክ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት እንጀራ ውስጥ አለ ማለት ነው። ቴክኖሎጂ ቤታችን የገባው በሳሎን በኩል ይመስለናል እንጂ በጓዳ በር ገብቶ ከሰነበተ ቆይቷል፤ ጓዳ የገባ እንግዳ ደግሞ እንግዳነቱ ይረሳል።

የምጣድን ሥልጣን ማየት የሚፈልግ የበዓል ዋዜማን ይመልከት። ፋሲካ ወይም ገና ሲቃረብ፣ ብዙ ኃይል የሚወስዱ ፋብሪካዎች በዋዜማውና በዕለቱ ከዋናው መስመር እንዲወጡ ማሳሰቢያ ሲነገር ሰምታችኋል። ቃሉ ጨዋ ነው፤ ፍሬ ነገሩ ግን ብረት አቅላጩ እሳቱን አጥፍቶ ይቀመጥ፣ እማማ እየጋገሩ ነው የሚል ነው። ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ ይባል ነበር። እነሆ ለምጣዱ ሲባል ብረት ፋብሪካም ያልፋል። በዓለም ላይ ስንት ሀገር ነው ኢንዱስትሪው ለቂጣ ተነሥቶ ወንበር የሚለቅ? እኔ በበኩሌ ይህን የሠለጠነ ነገር ብዬዋለሁ።

ዋናው ጉድ ግን ያለው ሊጡ ጋ ነው። ሊጥ የራሱ ሰዓት አለው። እርሾው ውስጥ ያሉት በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ጤፉን እየበሉ ያኮመጥጡታል፣ አየርም ያወጣሉ፤ የእንጀራን ዓይን የሚከፍተው ያ አየር ነው። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን አብሲት ይጣላል፤ ሊጡ ኩፍ ማለት ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ ቀጠሮ ማስተላለፍ የለም። ኩፍ ያለ ሊጥ ስብሰባ ላይ ነኝ ቢሉት አይሰማም፤ ወይ ይጋገራል ወይ ከባልዲው ወጥቶ ወለል ላይ ይሄዳል። በሌላ በኩል መብራትም የራሱ ሰዓት አለው፤ ያንን ሰዓት የሚያውቅ ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም። የአዲስ አበባ ሴት ኑሮ እነዚህን ሁለት ሰዓቶች ማስታረቅ ነው። አብሲቱን ጥላ ምጣዱን አሰስ አሰስ አድርጋ፣ የመጀመሪያውን ሊጥ ዙሪያውን አዙራ አፍስሳ አክንባሎውን ስትከድን፣ ልክ በዚያች ቅጽበት፣ ጠፋ።

በዚህ ጊዜ የሚደረገው ሥነ ሥርዓት በየቤቱ አንድ ነው። መጀመሪያ ብሬከር ይታያል። ቀጥሎ አንገት በመስኮት ይወጣና «የእናንተ ጋ አለ?» ይባላል። ጎረቤት ጋም መብራት አለመኖሩ ትልቅ መጽናኛ ነው፤ «የለም» የሚለውን መልስ የሚሰማ ሰው ፊቱ ይፈካል። የእነሱ ጋ ካለና የእኛ ጋ ከሌለ ግን ነገሩ ይከፋል፤ ያኔ «አንድ ፌዝ ጠፍቶ ነው» የሚል ዐዋቂ ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ በሩ ላይ ይቆማል። ይህ ዐዋቂ በየሰፈሩ አንድ አለ፤ ሙያው ምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። እስከዚያው አክንባሎው ሥር ያለው እንጀራ በምጣዱ ትርፍ ሙቀት እንደምንም ይበስላል፤ ወጥቶ ሲታይ ግማሹ ዓይናማ ግማሹ ልሙጥ ነው። እሳት ካየው ምን ለየው ተብሎ ይበላል። ሊጡ ደግሞ ይጠብቃል፤ ጊዜ ካለፈ ኮምጣጤ ለመሆን አንድ እርምጃ ይቀረዋል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ «መጣ!» የሚል የልጅ ጩኸት ሲሰማ፣ ጨለማ ውስጥ የሚነሡት እግሮች ለሶላት ወይም ለኪዳን የተነሡ ይመስላሉ። በየኩሽናው መብራት ይበራል፤ ሰፈሩ በሙሉ በሌሊት ይጋግራል። ማን እንደነገራቸው እንጃ እንጂ ሌሊት የሚጋግሩት ትክክል ናቸው። ሌላው ሰው ተኝቶ ስለሆነ መስመሩ ላይ ሽሚያ የለም፤ ኃይሉ ሙሉ ነው።

ይህ «ኃይሉ ሙሉ ነው» የሚለው ነገር ቀልድ አይደለም። ምጣድ ከአምፖል የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የዛሬው ቆጣቢ አምፖል መብራቱ ቢዳከምም ያው ያበራል፤ ምጣድ ግን ሐቀኛ ነው። ከሥሩ ያለው ሽቦ የሚሰጠው ሙቀት ከቮልቴጁ ጋር በቀጥታ አይወርድም፤ በካሬው ነው የሚወርደው። 220 መሆን የነበረበት ቮልት 180 ሲሆን ሰው የጎደለው ጥቂት ይመስለዋል፤ ምጣዱ ላይ ሲደርስ ግን ከሙቀቱ አንድ ሦስተኛው የለም። በዚህ ሙቀት የፈሰሰ ሊጥ አየሩ ተሯሩጦ ሳይወጣ ይረጋል፤ ዓይን አያወጣም። ስለዚህ እንጀራ ቮልት መለኪያ ነው። እናቴ ሰው ቤት ምሳ ተጋብዛ የተዘረጋውን እንጀራ አየት አድርጋ «እዚህ ሰፈር መብራቱ ደካማ ነው» ብትል፣ ባለቤቲቱ ተናደደች እንጂ እኔ አደነቅሁ። መሣሪያ ሳትይዝ፣ ጉርሻ ሳታነሣ፣ የትራንስፎርመሩን ጭነት ነገረቻቸው። አንዳንዴ ለጨዋነት ብላ «ጤፉ ነው» ትላለች፤ ጤፉ ግን አይደለም።

በተከራየንበት ዘመን የነበሩት አከራያችን ደግሞ በሌላ በኩል የተራቀቁ ነበሩ። ቆጣሪው የጋራ ነበር፣ የተሰቀለውም በእሳቸው በረንዳ ላይ ነው። የድሮው ቆጣሪ ሆዱ ውስጥ ቀጭን የአሉሚኒየም ሳሕን አለች፤ መብራት በተበላ ቁጥር ትዞራለች፣ ጠርዟ ላይ ያለችው ምልክትም ብቅ እያለች ትጠፋለች። የእኛ ቆጣሪ ፊቱ ላይ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 600 ዙር እንደሚዞር ተጽፎበታል። ይህን ወደ ኑሮ ስንመልሰው፣ አንድ ቆጣቢ አምፖል ብቻ ሲበራ ሳሕኗ አንድ ዙር ለመጨረስ ዐሥር ደቂቃ ይፈጅባታል፤ ምጣድ ሲሰካ ግን ሁለት ሴኮንድ እንኳ ሳይሞላ አንድ ዙር ትጨርሳለች። አከራያችን ይህን ስሌት በወረቀት አልሠሩትም። በርጩማቸውን ከቆጣሪው ሥር አስጠግተው ጥጥ እየፈተሉ ሳሕኗን ይጠብቃሉ። ምልክቷ ዘገም ዘገም ስትል ዝም፤ መሽከርከር ስትጀምር ግን እንዝርታቸውን ያቆሙና «እዚያ ማዶ! ምጣድ ነው ካውያ?» ብለው ይጣራሉ። ካውያ ከሆነ ይታለፋል። ምጣድ ከሆነ ግን ውላችን ውስጥ ያለው፣ ያልተጻፈው ግን ከተጻፈው የጠነከረው አንቀጽ ይነበብልናል፤ ምጣድ መሰካት በወር ሁለቴ፣ ያውም ተነግሮ።

ክፋት ነው ብላችሁ እንዳትፈርዱባቸው። የመብራት ታሪፍ በእርከን ነው፤ ቆጣሪው ብዙ በበላ ቁጥር የአንዷ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም እየወጣ ይሄዳል። ሦስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ሲጋግር ሁላችንም ተያይዘን ውድ እርከን ላይ እንሰቀላለን፣ ሒሳቡም የሚመጣው በእሳቸው ስም ነው። ስለዚህ ሴትዮዋ የሚጠብቁት ሳሕን ሳይሆን እርከን ነበር። የካርድ ቆጣሪ የመጣ ጊዜ ሳሕኗ ቀረች፤ በምትኳ ቀይ መብራት እየጨፈረች ብልጭ ድርግም ትላለች። አከራያችን ግን በዚህች አልተማመኑም፤ «ይቺ ሁልጊዜ ትጣቀሳለች» ብለው ናቋት።

ምጣድ ሠሪውንም ሳላነሣ አላልፍም። የምጣዱ ገጽ ያው የጥንቱ ሸክላ ነው፤ ሸክላ ሠሪዋ የጠፈጠፈችው፣ በጎመን ዘር የሚታሰሰው፣ ሲገዛ የሚሟሸው። ከሥሩ ግን ጠመዝማዛ ቦይ ተቦርቡሮ የኒኬልና የክሮም ቅይጥ ሽቦ ይጋደምበታል፣ በላዩ ጀሶ ይመረግበታል። ሽቦው እየቀላ እየጋለ ይኖራል እንጂ በዚያ ሙቀት በቀላሉ አይቃጠልም፤ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ቅይጥ ነው። አንድ ቀን ግን ይበጠሳል፣ ሁልጊዜም በሠርግ ዋዜማ። ሠሪው ይመጣል፣ ምጣዱን ይገለብጠዋል፣ ጀሶውን ይፈለፍላል፣ የተበጠሰውን ጫፍ ለጫፍ ጠምዞ ይቀጥላል። ሽቦው ባጠረ ቁጥር መቋቋሙ ይቀንስና የሚስበው ኃይል ይጨምራል፤ ስለዚህ በተደጋጋሚ የተጠገነ ምጣድ በእርጅናው ከወጣትነቱ ይልቅ ይፈጥናል። «ከተሠራ ወዲህ ባሰበት፤ ያሳርራል» የሚሉ ሴቶች ሠሪውን ሲያሙ እውነት አላቸው፣ ግን ጥፋቱ የእሱ ሳይሆን የቀመሩ ነው። መለኪያችንም እዚህ ላይ ትንሽ ይንገዳገዳል፤ የተጠገነው ምጣድ አንድ ከሩብ ምጣድ ሊሆን ይችላል።

ባሕር ማዶ የተሻገረውን ወገን ጉዳይ ብናየው ደግሞ መለኪያው ይበልጥ ይጠቅማል። ወደ ዐረብ ሀገር የሚሄድ ሰው ምጣዱን በጨርቅና በፍራሽ ጠቅልሎ ይዞ ቢሄድ፣ ሸክላው በሻንጣ ጫኞች እጅ ካልተሰበረ በቀር እዚያ ይሠራል፤ የዱባይ ቮልት ከእኛው ጋር ተቀራራቢ ነው። አሜሪካ ግን ሌላ ሀገር ናት። እዚያ የግድግዳ ሶኬት 120 ቮልት ነው፤ የተለመደው መስመር የሚችለው ወደ 1800 ዋት፣ በእኛ አቆጣጠር ግማሽ ምጣድ ነው። ሙሉ ምጣድ የሚሸከሙት የምድጃውና የልብስ ማድረቂያው ሶኬቶች ናቸው። የአዲስ አበባን ምጣድ እዚያ ግድግዳ ላይ ብትሰኩት፣ በዚያው የካሬ ሕግ ከኃይሉ ሠላሳ በመቶው ብቻ ይቀራል፤ ሊጡን ያደርቀዋል እንጂ አይጋግረውም። ታዲያ ያ ሁሉ ሀበሻ ምን አደረገ? የኖርዌይ ሰዎች ሌፍሴ የሚሉት ስስ የድንች ቂጣ አላቸው፤ አሜሪካ የፈለሱት ዘሮቻቸውም ለሌፍሴ የሚሆን ክብ የኤሌክትሪክ መጋገሪያ ይዘው ይኖሩ ነበር። ስፋቱ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ኃይሉ ግማሽ ምጣድ የማይሞላ። የእኛ ሰዎች አዩት፣ ፈተሹት፣ «ይሄማ የእኛው ነው» ብለው ወሰዱት። ዛሬ ሜሪላንድና ሚኒሶታ ውስጥ በኖርዌጅያን መጋገሪያ የተጋገረ እንጀራ ይበላል። እንጀራው ትንሽ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ሦስት ይነሣለታል። ቂጣ የሚወድ ሁለት ሕዝብ እንዲህ በሶኬት በኩል ተዋወቀ። ዲፕሎማቶች ይህን ለማድረግ ስንት ዓመት ይፈጅባቸዋል!

ሀገር ቤትም ቢሆን ምርምሩ አልቆመም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በፀሐይ ሙቀት ዘይት አግሎ በዘይቱ ምጣድ የማጋል ሥራ ተሞክሯል፤ እንጀራም ተጋግሮበታል። ሐሳቡ ግሩም ነው። አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ቢኖር ፀሐይ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የማትገኝ መሆኗ ነው፤ ያቺን ሰዓት የለመዱ እናቶች በጠራራ ፀሐይ ጋግሩ ቢባሉ ቀኑን ሙሉ ምን ሊሠሩበት ነው?

ባለፈው መርካቶ ምጣድ ከሚሸጥበት መደዳ ቆሜ ሳለ አንድ ወጣት ገዢ መጣ። ምህንድስና የተማረ ይመስላል፤ ስልኩ ላይ ማስሊያ ከፍቷል። ምጣዱን ገልብጦ እያየ ሻጩን «ዋቱ ስንት ነው? አምፒሩስ? ውጤታማነቱ ስንት በመቶ ይሆናል?» አለው። ሻጩ ከወንበሩ አልተነሣም።

«ዋቱን ተወው ወንድሜ። ስንት ቤተሰብ ናችሁ?»

«ሁለት። ባለፈው ወር ነው ያገባሁት።»

«እንኳን ደስ ያለህ። እንግዳ ይበዛባችኋል?»

«የእሷ ዘመዶች አሉ።»

«ብዙ ናቸው?»

ልጁ ጥቂት አሰበና ራሱን ነቀነቀ። ሻጩም ተነሣ፤ ከተደረደሩት መካከል ትልቁን ስቦ አወጣ፣ በጣቱ ገጩን መታ አድርጎ ድምፁን ሰማ፣ አቧራውን በክንዱ ጠርጎ አቀበለው። ልጁ ገንዘብ ሊያወጣ እጁን ኪሱ ውስጥ ሲከት ሻጩ የሆነ ነገር ትዝ አለው።

«ይቅርታ፣ ቆጣሪው የራሳችሁ ነው የአከራይ?»

«የአከራይ።»

ሻጩ ምጣዱን ከእጁ ቀስ ብሎ ተቀብሎ ቦታው መለሰና፣ «እንጀራ የሚሸጡ እናት እዚህ ጥጉ ላይ አሉ፤ እኔ እንደ ላክሁህ ንገራቸው» አለው።